የሐረር ውሃ ዋጋ ያለው ጀሪካኑ ላይ ነው

የከተማ ውሃ ታሪፍ ይሻሻል በተባለ ቁጥር ክርክሩ አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ይመጣል። አንዱ ወገን «ሕዝቡ በኑሮ ውድነት ተጎድቷል፣ በውሃ ላይ ጭማሪ አይታሰብም» ይላል። ሌላው ደግሞ «አገልግሎቱ ወጪውን እንኳ ሳይሸፍን በምን ሊስፋፋ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም የሚሟገቱት ቢል ላይ ስለሚጻፈው ቁጥር ነው። ሐረር ውስጥ ግን ብዙ ቤተሰብ «ዛሬ ልብስ ልጠብ ወይስ ይቆይ?» ብሎ የሚወስነው ያንን ቁጥር አይቶ አይደለም። ፈረቃው አልፎ በርሜሉ ሲጎድል፣ በአህያ ተጭና በር ላይ የምትደርሰው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስንት ገባች የሚለውን አይቶ ነው። የታሪፍ ውሳኔ ከዚህች ጀሪካን ካልተነሳ፣ ለድሃው ታስቦ የወጣ ደንብ ድሃውን ሊጎዳ ይችላል። እንዴት እንደሚጎዳው በቁጥር ማሳየት ይቻላል።

ዳገት የሚወጣ ውሃ

ሐረር ለረጅም ጊዜ ውሃዋን ያገኘችው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ ደረቀ፤ በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ ቢይዝም ከተማዋ ያኔውኑ ፊቷን ወደ ቆላው አዙራለች። ዛሬ አንዱ ዋና ምንጯ በድሬዳዋ በኩል ያለው የሐሰሊሶ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በመሃል ደግሞ የደንገጎ ዳገት አለ። ውሃው ይህን ሁሉ በፓምፕ እየተገፋ ነው የሚወጣው።

ስሌቱ ቀላል ነው። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከጉድጓዱ ጥልቀት ጀምሮ እስከ ዳገቱ አናት ያለውን ጠቅላላ ከፍታ 1,000 ሜትር ብለን እንያዘው። ምንም ብክነት ባይኖር ይህን ለማንሳት 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃል። ፓምፑና ሞተሩ ተደምረው ከሚወስዱት ኃይል 65 በመቶውን ብቻ ወደ ሥራ ቢቀይሩ 4.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ከሚገፋው ውሃ 35 በመቶው በመንገድ ቢፈስ ወይም ሳይቆጠር ቢቀር ደግሞ፣ ለእያንዳንዷ ለተሸጠች ሜትር ኩብ የሚነደው 6.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህ እንግዲህ መብራት ብቻ ነው፤ ክሎሪኑ፣ የፓምፕ መለዋወጫው፣ የጥገና ቡድኑ አበል አልተነካም።

ሁለት አገራዊ ውሳኔዎች ይህን ወጪ ወደ ላይ ገፍተውታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ከውጭ የሚመጣውን ሰርጓጅ ፓምፕ፣ ቧንቧና ኬሚካል በብር አስወደደ። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ ደግሞ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተወስኗል። ውሃውን በስበት ከተራራ ለሚያወርድ ከተማ ይህ ቀላል ሊሆን ይችላል። ዳገት ለሚያስወጣ ከተማ ግን እያንዳንዱ ጭማሪ በቀጥታ ውሃው ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ በየስብሰባው የሚደባለቁ ሁለት ወጪዎች አሉ። አንደኛው መስመሩ ሲዘረጋ የወጣው ገንዘብ ነው። ይህ አንዴ ወጥቷል፤ ዛሬ ብዙ ብንገፋም ጥቂት ብንገፋም አይለወጥም። ሁለተኛው አንዲት ተጨማሪ ሜትር ኩብ ለመግፋት ዛሬ የሚወጣው ነው። «ምን ያህል ውሃ እንግፋ፣ ተጨማሪዋን በስንት እንሽጥ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሁለተኛው ብቻ ነው። የመጀመሪያው «ዕዳውን ማን ይክፈል?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከነዋሪው ኪስ ይልቅ ከበጀት ሊሆን ይችላል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የከተማ ውሃ ወጪውን እንዲመልስ ያዛል። ሁለቱን ወጪዎች ሳይለዩ ያንን መርህ በአንድ አማካይ ዋጋ ለመፈጸም መሞከር ግን ዋጋውን ያለ ምክንያት ያንረዋል፤ ወይም ማንም ስለማይደፍረው ጉዳዩ ለዓመታት ተንጠልጥሎ ይቀራል።

አራት ቤተሰብ፣ አንድ ቆጣሪ

በብዙ ከተሞቻችን ታሪፉ በእርከን ይጨምራል። ጥቂት የሚጠቀም በርካሽ፣ ብዙ የሚጠቀም በውድ ይገዛል። ሐሳቡ ለድሃ የቆመ ይመስላል። ችግሩ ቆጣሪው የሚቆጥረው ውሃ እንጂ ሰው አለመሆኑ ነው።

ለስሌት እንዲመች ይህን ታሪፍ እንውሰድ፦ የመጀመሪያዎቹ 5 ሜትር ኩብ እያንዳንዳቸው በ15 ብር፣ ከ5 እስከ 15 ያለው በ25 ብር፣ ከ15 በላይ በ40 ብር። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በሰው 40 ሊትር ቢጠቀም በቀን 200 ሊትር፣ በወር 6 ሜትር ኩብ ይሆናል። የራሱ ቆጣሪ ካለው 75 ብር ለመጀመሪያው እርከን፣ 25 ብር ለስድስተኛዋ፣ ባጠቃላይ 100 ብር ይከፍላል። አንዷ ሜትር ኩብ ወደ 17 ብር ወጣችበት ማለት ነው።

አሁን በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ በጁገል ውስጥ፣ ወይም ከግንቡ በሮች አንዱ ከሆነው ከሸዋ በር ውጭ ወዳለ የኪራይ ግቢ እንግባ። አንድ ቆጣሪ አለ፤ አራት ቤተሰብ በየክፍሉ ይኖራል፤ ሁሉም ልክ እንደ መጀመሪያው ቤተሰብ 6 ሜትር ኩብ ይጠቀማል። ቆጣሪው 24 ያነባል። ሂሳቡ 75፣ 250 እና 360 ተደምሮ 685 ብር ነው። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 171 ብር ይደርሰዋል፤ አንዷ ሜትር ኩብ 28 ብር ተኩል። ሦስተኛው ቤት ሰፊ ግቢ ያለው፣ መኪና የሚያጥብና አትክልት የሚያጠጣ አንድ ቤተሰብ ነው እንበል። 14 ሜትር ኩብ ተጠቅሞ 300 ብር ይከፍላል፤ አንዷ 21 ብር ከ40 ሳንቲም። ለድሃ ይጠቅማል የተባለው ታሪፍ በሜትር ኩብ ከሦስቱ ሁሉ አብልጦ ያስከፈለው ክፍል ተከራዩን ነው።

ድጎማውን ስናይ ይብሳል። ለአገልግሎቱ አንዷ ሜትር ኩብ 50 ብር ታስወጣዋለች ብንል፣ ባለ ሰፊው ግቢ 700 ብር የሚያወጣ ውሃ በ300 ወሰደ፤ 400 ብር ተደጎመ። የራሱ ቆጣሪ ያለው አነስተኛ ቤተሰብ 200 ብር ተደጎመ። የኪራይ ግቢው ተከራይ 129 ብር ገደማ። ቧንቧ የሌለውና ከጋሪ የሚገዛው ምንም። ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መያዝ ድሃን መደጎም ነው ብለው ከልባቸው የሚያምኑ የምክር ቤት አባላት ይህን አንድ ገጽ ስሌት በራሳቸው ከተማ ቁጥር አሠርተው ቢያዩት እንወዳለን።

መፍትሔው አዲስ ጉድጓድ አይጠይቅም። እርከኑን በቤተሰብ ቁጥር ማባዛት ነው። ግቢው አራት ቤተሰብ ካለው የመጀመሪያው እርከን 5 ሳይሆን 20 ሜትር ኩብ፣ ሁለተኛው እስከ 60 ይሆናል። 24ቱ ሜትር ኩብ ያኔ 300 እና 100፣ በድምሩ 400 ብር ይመጣል፤ ለእያንዳንዱ 100 ብር። ከራሱ ቆጣሪ ካለው ቤተሰብ ጋር እኩል ሆነ።

የሚበላሽበት ቦታም አለ። ባለ ንብረቱ የሌለ ተከራይ ያስመዘግባል። ወይም በተቃራኒው፣ የቤት ኪራይ ግብር እንዳይጠየቅ ያለውን ይደብቃል። ምዝገባው በቀበሌ መታወቂያ ብቻ ከሆነ መታወቂያ ያላወጡ ተከራዮች ይቀራሉ፤ እነሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጣም ድሆቹ ናቸው። ቆጣሪ አንባቢው በዓመት ሁለት ጊዜ ግቢ ገብቶ የማብሰያ ቦታ ቢቆጥር ከወረቀት የተሻለ ያውቃል። ከሁሉም በላይ ብዙ አከራዮች ውሃን የሚያስከፍሉት በቁርጥ ነው፤ ቢሉ ቢቀንስም ቅናሹ ተከራዩ ዘንድ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ አገልግሎቱ ቢሉን ሲያወጣ «በዚህ ግቢ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው ይህን ያህል ነው» የሚል መስመር ጨምሮ ለተከራዮቹም በአጭር መልእክት ቢልክ ወጪው ኢምንት፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው።

ሰልፍም ዋጋ ነው

አንዲት ጀሪካን 20 ሊትር ትይዛለች፤ 50 ጀሪካን 1 ሜትር ኩብ ነው። ጀሪካኗ በ10 ብር ተሸጠች ብንል ሜትር ኩቡ 500 ብር ሆነ ማለት ነው፤ ከላይ ካየነው የቧንቧ ዋጋ 30 እጥፍ። ጀሪካን ገዥው ቤተሰብ በዚህ ዋጋ እንደ ባለ ቧንቧው 200 ሊትር አይገዛም፤ በቀን አራት ጀሪካን ይገዛና ለሰው 16 ሊትር ያብቃቃል። በወር 1,200 ብር ይከፍላል፤ የሚያገኘው 2.4 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ለንጽጽር ያህል፣ ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ያስቀመጠው ልክ በሰው በቀን 80 ሊትር ነበር። ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቀነሰው የመጠጥ ውሃው አይደለም። የእጅ መታጠቢያው፣ የሕፃን ጨርቅ ማጠቢያው፣ የሽንት ቤቱ ነው። የዚህ ዋጋ በኋላ ጤና ጣቢያ ላይ ይከፈላል፤ የውሃ አገልግሎቱ መዝገብ ላይ ግን አይታይም።

«ቦኖ እያለ ለምን ከጋሪ ይገዛሉ?» ይባላል። ሰልፉን በገንዘብ እናስላው። በቀን ሥራ 300 ብር የምታገኝ ሴት በስምንት ሰዓት ብናካፍለው ሰዓቷ 37 ብር ተኩል ነው። በፖሊሲ ትንተና የሰልፍ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በደመወዙ ግማሽ ይተመናል፤ 19 ብር ገደማ በሉት። አንድ ሰዓት ተኩል ተሰልፋ ሁለት ጀሪካን ከቀዳች 28 ብር ያህል ጊዜ አወጣች፤ በጀሪካን 14 ብር። የቦኖው ክፍያ ዜሮ እንኳ ቢሆን ከጋሪው ይበልጥ ያስወጣታል። ቦኖውን ነጻ ማድረግ ሰልፉን ካረዘመው ደግሞ ምንም አልተደረገላትም። ለእሷ የሚጠቅማት ሁለት ተጨማሪ ቧንቧ፣ ጥሩ ግፊትና መቼ እንደሚከፈት የሚታወቅ ሰዓት ነው። ሰልፉን ወደ 20 ደቂቃ ማውረድ ለጀሪካኗ ከ10 ብር በላይ ቅናሽ ያህል ነው። ይህ ቅናሽ በየትኛውም የታሪፍ ሰንጠረዥ ላይ አይወጣም፤ ስለማይወጣም ማንም አይሟገትለትም።

በፈረቃ ጊዜ ደግሞ ውሃ የሚከፋፈለው በዋጋ ሳይሆን በሮቶ መጠን ነው። ቧንቧው በተከፈተባት ሌሊት 2,000 ሊትር ሮቶ ያለው ለአሥር ቀን ይሞላል፤ ሁለት በርሜል ያለው 400 ሊትር ይዞ ለሁለት ቀን ይበቃዋል። ሁለቱም በአንድ ታሪፍ ነው የሚገዙት፤ ሁለተኛው ግን በሦስተኛው ቀን ጋሪ ይጠብቃል። መሬቱ ዝቅ ያለ ሰፈር ቀድሞ ይጠጣል፤ ከፍታ ላይ ያለው ግፊቱ ሳይደርሰው ፈረቃው ያልፋል።

ለዚህም ነው «ታሪፍ ሲጨምር ፍጆታ ይቀንሳል» የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ስሌት እዚህ በቀጥታ የማይሠራው። በታዳጊ አገሮች ከተሞች የተደረጉ ጥናቶች ባብዛኛው የሚያገኙት፣ የቧንቧ ውሃ ዋጋ በ10 በመቶ ሲጨምር ፍጆታ ከ3 እስከ 6 በመቶ እንደሚቀንስ ነው። ያ ግን ቧንቧውን ሲከፍት ውሃ ለሚያገኝ ሰው ነው። ፈረቃ ላይ ያለ ቤተሰብ የሚወስደው የመጣለትን ሁሉ ነው፤ ታሪፉ በመጠኑ ቢጨምርም ከቧንቧ የሚቀዳውን አይቀንስም፤ ከዚያ በላይ ያለውን የሚወስንለት የጀሪካኗ ዋጋ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ መጠነኛ የታሪፍ ጭማሪ ገቢን ያሳድጋል፣ ውሃን ግን አያስቆጥብም፤ «ለቁጠባ ነው» ተብሎ ሊሸጥ አይገባም። ሁለተኛ፣ በጭማሪው የተገኘው ገንዘብ ፈረቃውን ለማሳጠር ከዋለ ነዋሪው ቢሉ እየጨመረም ጠቅላላ የውሃ ወጪው ሊቀንስ ይችላል፤ በጀሪካን የሚያወጣው ይቀራልና። ገንዘቡ ለሌላ ከዋለ ጭማሪው ከኪሱ በከንቱ ወጣ።

የጋሪ ዋጋ ሲተመን

ውሃ በጠፋ ሰሞን የተለመደው ምላሽ የጀሪካን ዋጋ መተመን ነው። ስሜቱ ይገባናል፤ በጥም ላይ የሚያተርፍ ሰው ያስቆጣል። ነገር ግን መጀመሪያ ዋጋው ከየት እንደመጣ ማየት ይገባል። የጁገል መንገዶች ጠባብ ናቸው፤ ቦቴ አይገባም። ውሃው በግንቡ በር ላይ ይራገፋል፤ ከዚያ በአህያ ወይም በሸክም ይገባል። ቅርብ ላለው ሰፈርና ዳገቱ ላይ ላለው የማድረሻ ወጪው አንድ አይደለም። አንድ ወጥ ጣሪያ ከተተመነ ባለ አህያው ቅርብ ላሉት ይሸጥና ሩቁን ይተወዋል፤ ወይም ጀሪካኗን ሙሉ አይሞላም። ጣሪያው የሚጎዳው ከመንገድ የራቀውን ነው።

ባለ አህያዎቹ ብዙ ከሆኑና ማንም አህያ ያለው ሥራውን መጀመር ከቻለ፣ ትርፋቸው ከድካማቸው እጅግ አይርቅም። ውድነቱ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ነው፦ መቅጃው ጋ። አንድ ወይም ሁለት ባለ ጉድጓድ ወይም ባለ ቦቴ ብቻ የሚቀዳበት ቦታ ካለ የዋጋ ቁጥጥሩ መግባት ያለበት እዚያ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በመቅጃው የአንድ ጀሪካን ዋጋ ስንት ነው፣ በር ላይ ስንት ነው፣ ልዩነቱ ለርቀቱ ይመጥናል ወይ? አገልግሎቱ ራሱ በየግንቡ በር የጋሪ መቅጃ ከፍቶ በወጪው ቢሸጥላቸው በማስፈራራት የማይገኝ የዋጋ ቅናሽ በውድድር ይገኛል።

ሐሮማያ ያስተማረን

ሐይቁን ያደረቀው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ከእርሻ የታጠበ ደለል ሞላው፤ ትነቱ በረታ፤ ከተሞች ቀዱ፤ በዙሪያው ያሉ የጫትና የአትክልት ማሳዎች በሞተር ሳቡ። ከማይክሮ ኢኮኖሚክስ አንጻር ትኩረት የሚስበው የመጨረሻው ነው። ጫት በበጋ ሲጠፋ ዋጋው ይንራል፤ ያን ጊዜ አጠጥቶ አወዳይ ገበያ ያደረሰ ብዙ ያገኛል። ሞተሩን የሚያስነሳው ገበሬ የሚከፍለው ናፍጣውን ብቻ ነበር። የውሃው መቀነስ ለጎረቤቱ፣ ለሐረር፣ ለራሱም ለመጪው ዓመት የሚያስከትለው ወጪ በማንም ሂሳብ አልገባም። እያንዳንዱ በራሱ ስሌት ትክክል ነበር፤ ሐይቁ ግን ደረቀ።

የከርሰ ምድር ውሃ ከሐይቅ የሚለየው መቀነሱ በዓይን ባለመታየቱ ነው። ድሬዳዋ ራሷ በሳቢያንና በሌሎች ጉድጓዶች ላይ ትኖራለች፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነጻ የንግድ ቀጠና፣ ፋብሪካዎቹና የሚስፋፋው ከተማ ሁሉ ውሃ ይፈልጋሉ። ወደ ሐረር የተገፋች ሜትር ኩብ ለድሬዳዋ የቀረባት ሜትር ኩብ ናት፤ በተቃራኒውም እንዲሁ። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የውሃ ሂሳብ የመብራትና የጥገና ብቻ ሊሆን አይገባም፤ የውሃው የራሱ ዋጋም መግባት አለበት። ፋብሪካም ይሁን የግል ጉድጓድ ቆፋሪ ቆጣሪ ተክሎ በሳበው ልክ ይክፈል፤ ገንዘቡ በመስመሩ ላይ ላሉ የገጠር ቀበሌዎች ቦኖና ለአፈር ጥበቃ ይዋል። የጉድጓዶቹ የውሃ ከፍታ በየወሩ ተለክቶ ለሕዝብ ይለጠፍ። የሐሮማያ ሽሽት ለሁሉም ይታይ ነበር፤ የከርሰ ምድሩ ግን ካልተለካ አይታይም።

ከየት ይጀመር

አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈር በፊት የሚፈሰውን መያዝ ይረክሳል። በደቂቃ 1 ሊትር የሚያፈስ አንድ የተሰነጠቀ መጋጠሚያ በቀን 1.44፣ በወር 43 ሜትር ኩብ ያጠፋል፤ ይህ የሰባት ቤተሰብ ፍጆታ ነው። በላይኛው ስሌት መሠረት ይህን ውሃ ዳገት ለማስወጣት ብቻ 180 ኪሎ ዋት ሰዓት ነዷል። ለጥገና ቡድን የሞተር ሳይክል ነዳጅ መከልከል እንደ ቁጠባ የሚታይበት መሥሪያ ቤት ይህን ቁጥር ግድግዳው ላይ መስቀል አለበት። የትኛው ሰፈር እንደሚያፈስ ለማወቅ በየመስመሩ ማከፋፈያ ላይ ቆጣሪ መትከልና ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት፣ ውሃው በተለቀቀበት ሌሊት፣ ማንበብ ያስፈልጋል። ባለ ሮቶዎቹ ሞልተው ከዘጉ በኋላም የሚሮጥ ቆጣሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው ፍሳሽ ነው።

ከዚያ እርከኑን በቤተሰብ ማባዛት፤ ከዚያም ድጎማውን ከፍጆታ ወደ መስመር ማስገቢያ ማዞር። ቧንቧ የሌለው ቤተሰብ በወር 1,200 ብር ለጀሪካን እያወጣ መስመር ያላስገባው የማስገቢያውን ክፍያ በአንዴ ስለማይችል ነው። ክፍያው 12,000 ብር ቢሆንና በ24 ወር ከቢሉ ጋር ቢሰበሰብ በወር 500 ብር ነው፤ ከ100 ብር ፍጆታ ጋር 600 ብር ከፍሎ ከሁለት እጥፍ በላይ ውሃ ያገኛል። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። ፍሳሹ ሳይያዝ አዲስ ደንበኛ መጨመር ያንኑ ውሃ ለብዙ ሰው ማቃመስ ይሆናል፤ ፈረቃው ይረዝማል፤ ቧንቧ ያስገባው ሰው ዕዳ እየከፈለ ጀሪካን ይገዛል።

ታሪፉ ለምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት ሊሠራ የሚገባው ጥናት ሰፊ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጠያቂዎቹ መቼና ምን እንደሚጠይቁ ማወቅ አለባቸው። ክረምት ላይ ከተጠየቀ ሁሉም የጣሪያ ውሃ ስለሚያጠራቅም ችግሩ ይሸሸጋል፤ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወቅት፣ ፈረቃው ካለፈ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ይሁን። «በወር ስንት ሜትር ኩብ ትጠቀማላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ብዙ ሰው በግምት ነው የሚመልሰው። «ትናንት ስንት ጀሪካን ገባ፣ ከየት፣ በስንት ብር፣ ማን አመጣው፣ ስንት ሰዓት ቆየ?» ሲባል ግን የቤቱ እመቤት ሳታመነታ ትናገራለች። መልሶቹን በቀበሌ ሳይሆን በአራት ክፍል መለየት ይበቃል፦ የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ በግቢ የሚጋራ፣ ከጎረቤት የሚቀዳ፣ ከጋሪ ወይም ከቦኖ የሚኖር። ያን ጊዜ «ታሪፍ ይጨምር ወይስ ይቅር?» ከሚለው ቀድሞ «ለየትኛው ቤት?» የሚለው ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ ይቀርባል።